የመድኃኒቱ ወረቀት የማያውቀው ቅጠል

ጨፋ ሮቢት፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ከሚወስደው አውራ ጎዳና ጥቂት ገባ ብሎ በሚገኝ አንድ ቤት፣ ወዳጃ ላይ ተቀምጫለሁ። ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። እጣኑ ይጨሳል፤ ቡናው ከአቦል አልፎ ቶና ላይ ደርሷል፤ ጫቱ ተመርቆ ለየሰዉ ታድሏል። የቤቱ ባለቤት ስልሳን የተሻገሩ፣ ሰፈርተኛው ሁሉ «አያ» እያለ የሚጠራቸው ሽማግሌ ናቸው። ለዝናቡ፣ ለከብቱ፣ ለመንገደኛው (እኔም ውስጡ አለሁበት) ዱዓ ተደርጎ «አሚን» ከተባለ በኋላ፣ አያ ከደረት ኪሳቸው ቢጫ ክኒኖች የተደረደሩበት ቅጠል አውጥተው አገላብጠው አዩትና መልሰው ከተቱት።

«ምንድን ነው አያ?»

«ወባ ነው አሉኝ። የጠዋቱን 4 ሰዓት ላይ እዚያው ውጬአለሁ። ሁለተኛውን 12 ሰዓት ላይ ዋጥ ብለውኛል።»

«ከምግብ ጋር ይዋጥ አላሉዎትም?»

«ማታ ላይ ምን ሆድ ኖሮኝ ልበላ ልጄ?» አሉና ፊታቸው ወዳለው ጫት በአገጫቸው ጠቆሙኝ። «ዱዓ የገባ ሰው እስከ ነገ ጠዋት እህል መች ይወርድለታል?»

«ጫት እንደሚቅሙስ ጠየቁዎት?»

አያ ከልባቸው ሳቁ። «ጨፋ ላይ ቁጭ ብሎ ጫት ትቅማለህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ማን ነው? ውኃ ትጠጣለህ ወይ እንደ ማለት እኮ ነው!»

ይህ ጽሑፍ ከዚያች ሳቅ ጋር ጠብ የለውም። ጠቡ ሰው ሁሉ እንደሚቅም እያወቀ፣ ማንም እንደማይቅም አድርጎ መድኃኒት ከሚያዘው አሠራራችን ጋር ነው።

የአያ ክኒን ኮአርተም ነው። አርቲሜተርና ሉሜፋንትሪን የሚባሉ ሁለት መድኃኒቶች አንድ ላይ ተጋግረውበታል። ለአዋቂ ሰው በአንድ ጊዜ 4፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለ3 ቀን፣ በድምሩ 24 ክኒን ይዋጣል። ሉሜፋንትሪን ያለ ቅባት ወደ ደም የመግባት ዐቅሙ እጅግ ትንሽ ነው፤ ቅባት ካለበት ምግብ ጋር ሲዋጥ ግን በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ሁለተኛው መጠን ከመጀመሪያው 8 ሰዓት ቆይቶ ነው የሚዋጠው። አሁን ቀኑን ያስቡት። ጠዋት 4 ሰዓት ጤና ጣቢያ፣ ምሳ፣ ከዚያ ጫት፤ ማታ 12 ሰዓት ላይ ምርቃናው ጣሪያ ሲነካ ሁለተኛው ክኒን ባዶ ሆድ ላይ ይወድቃል። ነገም እንዲሁ፤ ከነገ ወዲያም እንዲሁ። ከስድስቱ አወሳሰዶች ሦስቱ ቅባት ሳያገኙ አለፉ ማለት ነው። ሰውየው ትኩሳቱ ተመልሶ ሲመጣ ምን እንላለን? «መድኃኒቱ ተለማምዷል» እንላለን፤ ወይም «ሰዎቹ መድኃኒት በሥርዓቱ አይወስዱም» እንላለን። ቅጠሏን ማንም አያነሣትም።

እዚያው እንደተቀመጥሁ አሜሪካ የሚኖር አንድ ጓደኛዬ ትዝ አለኝ። ጭንቀቱ አልለቅ ብሎት ፔሩ ድረስ ሄዶ አያዋስካ ሊጠጣ አስቦ ነበር። አያዋስካ የአማዞን ጫካ ሕዝቦች ከአንድ የሐረግ ግንድና ከሌላ ተክል ቅጠል አፍልተው፣ በመሪ ፊት፣ በዝማሬ፣ ሌሊቱን ተቀምጠው የሚጠጡት መጠጥ ነው። ራእይ ያሳያል ይባላል። ብራዚል እ.ኤ.አ. በ1987 ለሃይማኖታዊ ሥርዓት ፈቅዳዋለች። ጓደኛዬ ለመመዝገብ ሲጠይቅ በመጀመሪያ የተላከለት ስለ መንፈስ የሚያወራ ጽሑፍ ሳይሆን የጥያቄ ወረቀት ነበር። ምን ክኒን ትወስዳለህ? ለድብርት የሚሰጥ መድኃኒት ጀምረሃል? የደም ግፊት አለብህ? ልብህ ታምሞ ያውቃል? ከቤተሰብህ አእምሮው የተነካ አለ? ፍሉኦክሰቲን እንደሚወስድ ሲጽፍ «አይሆንም» ብለው መለሱለት። በራሱ ፈቃድ አቋርጦ እንዳይመጣም አስጠነቀቁት።

ምክንያታቸው የዋዛ አልነበረም። ሐረጉ ሞኖአሚን ኦክሲዴዝ የሚባለውን ኢንዛይም ሥራ ያግዳል፤ የቅጠሉ ኃይል በአንጀት ውስጥ ሳይፈርስ ወደ ደም የሚያልፈው በዚህ ነው። ነገር ግን ያው ኢንዛይም ሴሮቶኒን የተባለውን የአንጎል ቅመምም የሚያፈርስ ነው። ሴሮቶኒንን ከፍ የሚያደርግ የድብርት ክኒን በላዩ ሲጨመር ቅመሙ ይከማቻል፤ ሰውነት ይግላል፣ ጡንቻ ይንቀጠቀጣል፣ ልብ ይሮጣል፣ ሰው ሊሞትም ይችላል። ፍሉኦክሰቲን ደግሞ ከተቋረጠ በኋላ ከሰውነት ጠርቶ ለመውጣት 5 ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። ክኒኑን ያለ ሐኪም ድንገት መተውም የራሱ መዘዝ አለው።

እንግዲህ ነገሩን አስተያዩት። የጫካ ሐረግ የሚያፈላ ሰው፣ ጠንቃቃ ከሆነ፣ ሳይጠይቅ አያጠጣም። የኛ ነጭ ጋዋን የለበሰ ባለሙያ ግን ሳይጠይቅ ያውጣል።

ጫት ከአያዋስካ ጋር ምን አገናኘው የሚል አይጠፋም። በኬሚስትሪ አይገናኙም፤ ራእይም አያሳይም። የሚገናኙት ሰው ቅጠሉን ይዞ በሚቀመጥበት ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመው የእነ ዶክተር አታላይ ዓለም የቡታጅራ ጥናት ከ10 ሺህ በላይ አዋቂዎችን ጠይቆ፣ ከቃሚዎቹ 80 በመቶው ለጸሎት ልቡናቸውን ለመሰብሰብ እንደሚቅሙ አግኝቷል። ወሎም ያው ነው። ለአያ ጫቱ ዱርዬነት አይደለም፤ የዱዓው ዕቃ ነው። ክኒኑን ከልብሳቸው ኪስ የሚያወጡት፣ ቅጠሉን ግን ከምርቃት በኋላ የሚቀበሉት ሰው ሁለቱን በአንድ ሚዛን አይመዝኑም። ስለዚህ ካልተጠየቁ አይናገሩም። «የምወስደው ሌላ መድኃኒት የለም» ሲሉም አይዋሹም።

ሳይንሱስ? ሳይንሱ እንኳ ከኛ ቀድሞ ጠይቋል። በየመን ጤነኛ ወንዶች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት፣ ጫት እየቃሙ አምፒሲሊን ሲውጡ ወደ ደማቸው የሚገባው መድኃኒት በጉልህ እንደሚቀንስ አሳይቷል። በየፋርማሲው እንደ ቆሎ የሚቸበቸበው አሞክሳሲሊንም፣ በመጠኑ ቢሆን፣ ከዚህ አላመለጠም። የጥናቱን መደምደሚያ ልብ በሉልኝ፤ ጫት ተዉ አይልም። ቅሚያው ካበቃ 2 ሰዓት ቆይታችሁ ዋጡ ነው የሚለው። ሁለት ሰዓት! ይህችን ለመናገር ሆስፒታል መሥራት አያስፈልግም፤ በጀትም አያስፈልግም። እኔ በዕድሜዬ አንቲባዮቲክ ስንት ጊዜ እንደገዛሁ እንጃ፣ ይህችን የነገረኝ ባለፋርማሲ ግን የለም።

ሌላም አለ። ጉበታችን ውስጥ ሲዋይፒ 2ዲ6 የሚል የማይነበብ ስም የተሰጠው፣ ብዙ መድኃኒት የሚፈጭ ኢንዛይም አለ። በኢትዮጵያውያን ፈቃደኞች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ጫት የዚህን ወፍጮ ሥራ እንደሚያዳክም አረጋግጧል። አሚትሪፕቲሊን የሚፈጨው በዚህ ነው፤ ሃሎፐሪዶልም በከፊል እንዲሁ። ወፍጮው ሲደክም መድኃኒቱ በደም ውስጥ ይከማቻል። ትራማዶል የሚወስድ ሰው ደግሞ ተቃራኒው ይደርስበታል። ያ ክኒን ኃይል የሚያገኘው ተፈጭቶ ነውና ሕመሙ አልታገሥለት ብሎ ሌላ ሊጨምር ይችላል። የግፊት በሽተኛማ ይቅር፤ ክኒኑ ወደ ታች ሲስብ ቅጠሉ ወደ ላይ ሲስብ ገመድ ጉተታው በደም ሥሩ ላይ ነው።

አሁን ወደ ጨፋ ሜዳ እንመለስ፤ ቦርከና የሚያጥበው፣ ሣሩ የለመለመ፣ ትንኙም የማይታማ አገር ነው። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ይመለሳል። ይህን ድብቁን ለማጥፋት ፕሪማኩዊን ይሰጣል። ፕሪማኩዊን ደግሞ ኃይል የሚያገኘው በማን መሰላችሁ? በዚያው በሲዋይፒ 2ዲ6 ነው። ኢንዛይሙ በተፈጥሮ ደካማ በሆነባቸው ሰዎች ላይ መድኃኒቱ ድብቁን ወባ ሳያጠፋ እንደቀረ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ጫት ፕሪማኩዊንን ያከሽፋል እያልሁ አይደለም። የምለው ሁለቱ እውነቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳሉ፣ ጥያቄውን ቀድሞ ማንሣት የሚገባው ጫቱና ወባው በአንድ ሰው ሆድ የሚገናኙበት አገር ነው። ስዊዘርላንድ እንድትጠይቅልን ነው የምንጠብቀው?

ስዊዘርላንድ የምትጠይቀውን እንደሆነ ወረቀቷ ይነግረናል። አሜሪካ ውስጥ ከኮአርተም ጋር የሚሰጠው መግለጫ የግሬፕ ፍሩት ጭማቂ አትጠጡ ይላል። ጨፋ ሮቢት ግሬፕ ፍሩት! ጥፋቱ ግን የነሱ አይደለም፤ እነሱ የጻፉት የራሳቸውን ሰው ቁርስ አይተው ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 አንድ እንግሊዛዊ የሆስፒታል ፋርማሲስት፣ የድብርት መድኃኒት የምትወስድ ሚስቱ አይብ በበላች ቁጥር ራሷን ክፉኛ እንደሚያማት አስተውሎ ለአንድ ሐኪም ደብዳቤ ጻፈ። መጀመሪያ ብዙዎች ስቀውበታል። ዛሬ ያን ዓይነት መድኃኒት የሚታዘዝለት ሰው ስለ አይብ ሳይነገረው አይወጣም። የሰውየው ሙያ ምን ነበር? የቤቱን ማዕድ ማየት።

በዚህ ጉዳይ ሁለት ወገኖች ይነሡብኛል። አንደኛው ጫት በተነሣ ቁጥር ስብከት የሚቃጣው ነው። ጫት የአገር ጠንቅ ነው፣ መጠየቅ ሳይሆን ማስጣል ነው ይላል። ለዚህ ወገን አንድ ያየሁትን ልንገረው። ስሙን በማልጠቅሰው ጤና ጣቢያ ወረፋ ላይ ሳለሁ፣ የምትመረምረው ባለሙያ አንዱን ጎልማሳ በሰው ፊት «ጫት ትቅማለህ? አታፍርም?» ብላ አዋረደችው። ከኋላው የነበረው ሰው ይህን ሲሰማ ከከንፈሩ ላይ አረንጓዴውን በመዳፉ ጠረገ። ተራው ደርሶ ሲጠየቅ «ኧረ በፍጹም!» አለ። እሷም ጻፈች። እንዲህ የተገኘ መረጃ ካልተጠየቀው ይብሳል። ጫት ጥርስን፣ እንቅልፍን፣ ኪስን፣ አንዳንዱንም አእምሮውን እንደሚጎዳ አውቃለሁ፤ ዛሬ የታመመው ሰው ግን ዛሬ የሚውጠው ክኒን እንዲሠራለት ሱሱን እስኪተው አይጠብቅም።

ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ቅጠል ነው፣ ተፈጥሮ ነው፣ ምን ያደርጋል?» ባዩ ነው። አያ ኪስ ውስጥ ያለው ክኒን እኮ እኩሌታው መነሻው አርቲሚዥያ የሚባል ቅጠል ነው! ቅጠል ገራም ቢሆን ኖሮ ወባ ባልገደለ ነበር። አባቶቻችንስ ቢሆኑ ይህን መች ሳቱት? የቆሎ ተማሪ ትምህርት እንዲገባው ይጠጣዋል ስለሚባለው አብሾ ስንሰማ ያደግነው ምንድን ነው? አብሾ የጠጣ መጠጥ ከቀመሰ ይነሣበታል። ዛሬም ሲሰክር የሚያብደውን «አብሾ አለበት» እንላለን። እውነቱም ይሁን ተረቱ፣ ሁለት ነገር በአንድ ሆድ ሊጣላ እንደሚችል ቋንቋችን ራሱ ያውቃል። የማያውቀው የታካሚው ካርድ ነው።

«ባለሙያው በቀን ስንት ሰው ያያል? ጊዜ የለውም» የሚለውንም ሰምቻለሁ። ይቅማሉ? ስንት ሰዓት ላይ? እስከ ስንት ሰዓት? ሦስት ጥያቄ ናት። ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ ለመጻፍ የተገኘው ጊዜ ለዚህም ይገኛል።

12 ሰዓት ሲሆን አያን ወተት እንዲያስመጡ ለመንኋቸው። ጨፋ ወተት አይጠፋም። እህሉ ባይወርድላቸው እንኳ ጥቂት ወተት ያለው ቅባት ለክኒኑ ይረዳዋል። ምራታቸው በጣሳ አምጥታ ሰጠቻቸው፤ አራቱን ክኒን አንድ በአንድ ዋጡ። ጣሳውን ሲመልሱ «ይቺን ነገር ልጁ ለምን አልነገረኝም?» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት አብረን ሄድን። መድኃኒቱን የሰጣቸው ወጣት ትሑት ልጅ ነው። ወተቱን ስነግረው «አዎ፣ ከምግብ ጋር ነው፤ ነግሬያቸዋለሁ» አለ። አያም አልካዱም። ስለ ጫቱ ስጠይቀው ግን ዝም ብሎ ቆየና፣ «እኔ እዚህ ስሠራ ይህን የጠየቀኝ ታካሚ የለም» አለኝ።

አያ ወደኔ ዞረው፣ «እኔስ እሱ እንዲጠይቀኝ ነበር የምጠብቀው» አሉ።