ስለ ቆመች ፒካፕ

ከደብረ ብርሃን አንድ የቤተ ሰብ አባት ጥያቄ ልከውልናል። በጎረቤታቸው ግቢ ሦስት ዓመት የቆመች፣ ባለ 2.4 ሊትር የናፍጣ ሞተር አሮጌ ቶዮታ ሃይሉክስ ፒካፕ በርካሽ ትሸጣለች፤ ሻጩም «ፖምፓው ብቻ ነው» ይላል። ጠያቂያችን በእጃቸው ያለው ገንዘብ ለሴት ልጃቸው የኮሌጅ ትምህርት የተቀመጠ ነው። ባለቤታቸው ግን «የቆመ መኪና መግዛት ዕዳን ቤት ማስገባት ነው» ብለዋል። እንግዲህ የማን አሳብ ይበልጣል?

ስለ ገንዘቡ የወይዘሮዋ አሳብ ይበልጣል። የተፈታ ሞተር በስንት ወር እንደሚገጠም መካኒኩም ቢሆን አያውቀውም፤ የኮሌጅ ክፍያ ግን ቀን አለው። ስለዚህ የልጅቱ ገንዘብ አይነካ። ሌላ ገንዘብ የተገኘ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ሊመረመር ይገባዋል።

የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ በካንዴላ እሳት አይነሣም። አየሩን በሲሊንደር ውስጥ 22 እጅ ያህል ያምቀዋል፤ ከእመቃው በሚወለደው ሙቀት ናፍጣው ራሱ ይቀጣጠላል። ጉድለቱ በናፍጣው መንገድ ከሆነ ወጪው ቀላል ሊሆን ይችላል፤ መካኒኮች ኮምፕሬሽን የሚሉት እመቃ ከጐደለ ግን ሞተሩ መፈታቱ ነው። በደብረ ብርሃን ከፍታ አየሩ የሳሳ፣ ጧቱም ብርድ ነውና፣ በቆላ ሲነሣ የነበረ የደከመ ሞተር በዚያ እምቢ ይላል።

ስለዚህ ሞተሪኖውን ለማስነሣት አይቸኩሉ። በዚህ ሞተር ቫልቮቹንና ፖምፓውን የሚያዞረው የጎማ ቺንጋ ነው፤ ሞተሩ ሲዞር የተበጠሰ እንደ ሆነ ቫልቮቹ ከፒስቶን ጋራ ይጋጫሉ። አስቀድሞ ክዳኑ ተከፍቶ ቺንጋው ይታይ። ቀጥሎም በኮሎው ጫፍ ባለው ብሎን ላይ ቁልፍ ገብቶ ሞተሩ በእጅ፣ በቀስታ፣ ሁለት ሙሉ ዙር ይዙር። አልዞር ካለ በኃይል አይገፋ፤ ውሃ ገብቶ ፋሻዎቹ በዝገት ተጣብቀው ይሆናልና። ዘይቱ ወተት መስሎ ከወጣ፣ ወይም በራዲያተሩ ውሃ ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ይቅርብዎ እላለሁ። የዚህ ሞተር ቴስታታ ሙቀት ሲበዛበት በመሰንጠቅ የታወቀ ነው።

ይህ ሁሉ ደኅና ከሆነ የሻጩን ቃል መፈተን አያስቸግርም። ሦስት ዓመት በታንክ የተቀመጠ ናፍጣ ውሃና አተላ ያበጃል፤ ስለዚህ በንጹሕ ጀሪካን አዲስ ናፍጣ ይቅረብ፣ ፊልትሮው ይለወጥ፣ አየሩም በእጅ ፖምፓው ይውጣ። በትልቁ ፖምፓ ላይ በአንዲት ሽቦ ኤሌክትሪክ የሚከፈት የናፍጣ መዝጊያ አለ፤ ያች ሽቦ ተበጥሳ ሳለ ፖምፓው በሐሰት ሊወነጀል ይችላል! የአራቱም ሲሊንደር ኮምፕሬሽን በመለኪያ ይለካ፤ አንዱ ከሌሎቹ እጅግ ካነሰ ጥፋቱ የፖምፓው ብቻ አይደለም።

ብረቱ ከመነካቱ በፊት ግን ወረቀቱ ይታይ። ሊብሬው በሻጩ ስም ነውን? የሞተሩና የሻንሲው ቁጥር በብረቱ ላይ ከተቀረጸው ጋራ ይስማማልን? የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ እንደሌለባትም መኪናይቱ በተመዘገበችበት ቢሮ ይጣራ።

ሻጩ ጎረቤት ነውና ይህን ሁሉ መጠየቅ ነውር መስሎ ይታይዎት ይሆናል። ከገዙ በኋላ ቴስታታው ተሰንጥቆ ቢገኝ ግን በአንድ አጥር ተዋስኖ መኖር ይከብዳል። ስለዚህ የሚመረምረው መካኒክ ሻጩ ያመጣው ሳይሆን እርስዎ የመረጡት ይሁን፤ ዋጋውንም ሞተር እንደሌላት ቆጥረው ይነጋገሩ።