የወለቀው ቫልቭ የባለቤቱ ነው



በማኅበራችን አዳራሽ ያለው የሸክላ ማጫወቻ አምፕሊፋየር ባለፈው ዓመት መታደሱን ታስታውሳላችሁ። ታደሰ ለማለት እንኳ ያሳፍራል። «እምምም» የሚል ድምፅ አስቸግሮን ነበርና፣ «ቫልቮቹ አርጅተዋል፣ በተሻለ ይለወጡ» ያለንን ራዲዮ ጠጋኝ አምነን ከመዋጮው ገንዘብ አወጣን። ፊሊፕስ የሚል ጽሑፍ ያለባቸው አራት ኢ.ኤል. 84 ቫልቮች ወልቀው አዲስ ገቡ። እምምታው እንዳለ ቀረ፤ የብዙነሽ በቀለ ድምፅ ግን ቀጠነ። በኋላ ሌላ ባለሙያ ከፍቶ ቢያየው ችግሩ የደረቀ ኮንደንሰር ኖሯል። ዋጋው ከአንድ ቫልቭ ያነሰ ነው! የድሮዎቹ አራቱስ የት ደረሱ? እኛም አልጠየቅን፣ እሱም አልመለሰ። አትክልት ተራ አድገን፣ ቲማቲም እንኳ ሳንጨብጥ የማንገዛ ሰዎች ቫልቭ ሳናስለካ ገዛን። ጥፋቱ የእኛ የኮሚቴው ነው።

ይህን የምንጽፈው ግን ስለ አዳራሹ ብቻ አይደለም። ከአባት የተረፈ ባለቫልቭ ራዲዮ ወይም አምፕሊፋየር ያለበት ቤት በሰፈራችን ጥቂት አይደለም፤ ልጆችም «ቫልቩን በአዲስ ብንለውጠው ድምፁ ያምራል» ይላሉ። ሊሆን ይችላል። ቫልቭ አየሩ የተመጠጠ የመስታወት ዕቃ ሲሆን፣ ውስጡ ሲግል ከሸክላው መርፌ የሚመጣውን ደካማ ኤሌክትሪክ ያጎላል። እንደ ኢ.ሲ.ሲ. 83 ያሉት ትንንሾቹ መጀመሪያ ያጎሉታል፣ ኃይለኞቹ ደግሞ ስፒከሩን ይገፋሉ። ቶሎ የሚደክሙት ኃይለኞቹ ናቸው፤ ትንንሾቹ ብዙ ዓመት ያገለግላሉ። ስለዚህ ሁሉንም ባንድ ላይ አስወልቆ ማስለወጥ በእኛ አስተያየት ገንዘብ መጣል ነው። መጀመሪያ ይለካ፤ የቫልቮቹ መቀመጫ ይጠረግ፤ ኮንደንሰሩ ይታይ። የደከመ ቫልቭ ከተገኘ ያኔ ይለወጥ።

አዲስ ሁሉ የተሻለ አይደለም። ዛሬ ቫልቭ በአብዛኛው የሚሠራው በሩስያ፣ በስሎቫኪያና በቻይና ሲሆን፣ በመጋቢት 2014 ዓ.ም. ሩስያ ወደ ውጭ መላኩን ለጊዜው ስታግድ ገበያው ታውኮ ነበር። የድሮ የፊሊፕስና የሙላርድ ቫልቭ ደግሞ በውጭ አገር ሰብሳቢዎች ዘንድ በውድ የሚፈለግ ነው። ቆራሌው ይህን ላያውቅ ይችላል፤ የሚያውቅ ግን አለ። እንግዲህ የወለቀውን ቫልቭ ቢሠራም ባይሠራም ተቀብላችሁ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ወደ ቤት ውሰዱ። ጠጋኙ ቅር ካለው ሌላ ጠጋኝ ይፈለግ።

ወላጆችን አደራ የምንለው ሌላ ነገር አለ። ልጆች ራሳቸው እንዳይከፍቱት! ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ እንኳ ኮንደንሰሩ ውስጥ 300 ቮልትና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል፤ ሰው ይገድላል። በአንዳንዱ አምፕሊፋየርም ኃይለኛው ቫልቭ ሲለወጥ ሠራተኞች ባያስ የሚሉት መስተካከል አለበት፤ ካልተስተካከለ የቫልቩ ውስጥ እንደ ፍም ቀልቶ ትራንስፎርመሩን ይዞ ሊሄድ ይችላል።

የአዳራሹ እምምታ ኮንደንሰሩ ከተለወጠ ወዲህ ቆሟል። የወለቀውን ኮንደንሰር ከነደረሰኙ በጽሕፈት ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠነዋል፤ መዋጮ የከፈለ ሁሉ መጥቶ ማየት ይችላል።

የማኅበሩ ጸሐፊ