የጓሯችን ጥቃቅን ፍጥረታት በካሜራ ዓይን

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ከቁርኣን ሱራዎች መካከል ሦስቱ በትንንሽ ፍጥረታት ስም ይጠራሉ። 16ኛው በንብ (አን-ነሕል)፣ 27ኛው በጉንዳን (አን-ነምል)፣ 29ኛው ደግሞ በሸረሪት (አል-ዐንከቡት)። በሱረቱ አን-ነምል የምናውቃት ጉንዳን የነብዩ ሱለይማን (ዐ.ሰ.) ሠራዊት ሲመጣ ባየች ጊዜ፣ ጓደኞቿ ወደየቤታቸው እንዲገቡ መክራለች። ሠራዊቱ ሳያውቅ እንዳይረግጣቸው ሰግታ ነበር። እዚህ ላይ «ሳያውቅ» የሚለውን ነገር ልብ እንበል። ጉንዳኗ ሠራዊቱን በክፋት አልጠረጠረችም፤ የፈራችው አለማየቱን ነው። እኛስ በጓሯችን ውስጥ ስንቱን ፍጥረት የምናጠፋው በክፋት ሳይሆን ባለማየት አይደለምን? የዛሬው ጽሑፋችን ትንሿን ፍጥረት አቅርቦ ስለማየት፣ ማለትም ስለ ማክሮ ፎቶግራፍ ነው።

ማክሮ ፎቶግራፍ ማለት በዓይናችን ነጥብ መስሎ የሚታየንን ነገር በጣም ተጠግቶ፣ ዝርዝሩ እስኪታይ አጉልቶ ማንሳት ነው። የሙያው ሰዎች መለኪያ አላቸው። 5 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያላት ነፍሳት በካሜራው ውስጥ ብርሃን በሚቀበለው ሰሌዳ ላይም 5 ሚሊ ሜትር ሆና ካረፈች ትክክለኛ ማክሮ ይባላል። ለዚህ ተብሎ የሚሠራው ሌንስ ውድ ነው። ይሁንና ለመጀመሪያ ያህል ተራ የእጅ ስልክና በስልኩ ካሜራ ላይ የምትቆነጠጥ ትንሽ ማጉያ ሌንስ ይበቃሉ። እሷም ከሌለች የሰዓት ጠጋኞች ዓይናቸው ላይ የሚያደርጓትን ማጉያ መነጽር በካሜራው ፊት መያዝ ይቻላል።

ይህ ጥበብ ለእኛ ባዕድ አይደለም። በባስራ ተወልዶ በካይሮ የኖረው ኢብኑል ሀይሠም ከ1,000 ዓመት ገደማ በፊት ኪታቡል መናዚር በተባለው መጽሐፉ፣ የምናየው ከዓይናችን በሚወጣ ጨረር ሳይሆን ከነገሩ ተነስቶ ወደ ዓይናችን በሚገባ ብርሃን መሆኑን አስረድቷል። ዛሬ በኪሳችን የምንይዘው ካሜራም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው።

እንግዲህ ወደ ጓሯችን እንግባ። በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ ወይም በዙሪያቸው ባለው ገጠር ጎመን፣ ቃሪያና ጥቂት እግር በቆሎ የሌለበት ጓሮ ማግኘት ያስቸግራል። ለሥራው የተሻለው ሰዓት ከሱብሒ ሶላት በኋላ፣ ፀሐይ ወጥታ ገና ሳትጠነክር ነው። ሌሊቱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ነፍሳት ሰውነታቸው እስኪሞቅ ድረስ ከቅጠሉ አይነሱም። ጤዛውም ገና አልረገፈም።

በቅርብ ሲነሳ ጥርት ብሎ የሚታየው ክፍል ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ሜትር ሊያንስ ይችላል። የንቧ ዓይን ከጠራ ክንፏ ይደበዝዛል። ስለዚህ ክርናችሁን ጉልበታችሁ ላይ አስደግፉ፤ ስልኩን በዝግታ ወደፊትና ወደኋላ እያንቀሳቀሳችሁ ዓይኗ ሲጠራ አንሱ። ከሃያ ፎቶ አንዱ ጥሩ ከሆነ በቂ ነው። ጥላ ካስቸገራችሁ በሌላኛው ወገን ነጭ ወረቀት ያዙ፤ ብርሃኑን ይመልስላችኋል። ነፋስ ሲኖር ደግሞ አታንሱ፤ እስኪበርድ መጠበቅ ይሻላል።

ምን ታያላችሁ? አበባ ላይ ያረፈችውን ንብ ብትጠጉ ሁለቱ ትልልቅ ዓይኖቿ እያንዳንዳቸው ከሺህ በላይ የሆኑ ጥቃቅን ዓይኖች ስብስብ መሆናቸውን፣ በግንባሯ አናት ላይም ሌሎች ሦስት ትንንሽ ዓይኖች እንዳሏት ትገነዘባላችሁ። በኋላ እግሯ የአበባ ዱቄት የምትሸከምበት ቦታ አላት። አጠገቧ ያለችው ቢጫና ጥቁር ነፍሳት ግን ንብ ላትሆን ትችላለች። ክንፎቿን ቁጠሩ፤ ንብ አራት ክንፍ ሲኖራት ዝንብ ያላት ሁለት ብቻ ነው። ንብ የምትመስለው ይህች ዝንብ አትናደፍም። ከዚህ ወገን ብዙዎቹ በእጭነታቸው ጊዜ ክሽክሽ እየበሉ ያድጋሉ።

ክሽክሽን የማያውቅ የጎመን ባለቤት የለም። በቅጠሉ ሥር አመድ የተነሰነሰ ያህል ሆኖ የሚታየው እሱ ነው። በማጉያው ሲታይ ግን እያንዳንዱ እንደ መርፌ የቀጠነ አፉን በቅጠሉ ውስጥ ተክሎ ጭማቂውን ሲመጥ ይታያል። አንዳንዴም ጉንዳን ከአጠገቡ አትጠፋም። በመዳሰሻዋ መታ መታ ስታደርገው ከኋላው ጣፋጭ ጠብታ ይሰጣታል፤ እሷ ደግሞ ከጠላት ትጠብቀዋለች። ሰው ላሙን እንደሚያልብ ሁሉ ጉንዳንም የምታልበው አላት። ሱብሐነላህ!

አሁን ወደ ዋናው ነጥባችን ደርሰናል። በዚያው ቅጠል ላይ ጥቁር፣ ሸካራ፣ ብርቱካንማ ነጠብጣብ ያለባት፣ ትንሽ አዞ የመሰለች እጭ ልታገኙ ትችላላችሁ። መልኳ ስለሚያስፈራ ብዙዎቻችን ጎመኑን የምትበላው እሷ ትመስለናለች፤ እንጨፈልቃታለን። እሷ ግን የዚያች ቀይ ጀርባዋ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ትንሽ ጥንዚዛ ልጅ ናት። እናትም ልጅም ሥራቸው ክሽክሽ መብላት ነው። ሌላም አለ። ከክሽክሾቹ መካከል አበጥ ብለው፣ ቡናማ ሆነው የደረቁ ካያችሁ፣ በጀርባቸው ላይም ክብ ቀዳዳ ካለ፣ በጣም ትንሽ ተርብ እንቁላሏን ጥላባቸው ልጇ አድጋ ወጥታለች ማለት ነው። ይህን ያየ ሰው ጓሮው ጠባቂ እንዳለው ያውቃል። ያላየው ደግሞ ፀረ-ተባይ መድኃኒት ገዝቶ ይረጫል። መድኃኒቱ ጠላትንም ወዳጅንም አብሮ ይፈጃል። ክሽክሹ በፍጥነት ስለሚራባ ቶሎ ተመልሶ ይመጣል፤ የሚበሉት ጥንዚዛዎች ግን ቶሎ አይመለሱም። ጎመኑንም የመድኃኒቱ ቀን ሳያልፍ ቀጥፈን ለልጆቻችን ካበላን ጉዳቱ እጥፍ ነው። ጥቂት ክሽክሽ በውኃ ታጥቦ ወይም በጣት ተጠርጎ ይወገዳል።

በመርጨት በኩል ንብ የተለየ ጥንቃቄ ይገባታል። በመስከረም አደይ አበባ ሲፈነዳ ቀፎው የዓመቱን ማር መሰብሰብ ይጀምራል። በዚህ ወቅት ያበበ ተክል ላይ በቀን መርጨት የጎረቤትን ቀፎ ባዶ ማድረግ ነው። የጎረቤት ሐቅ ደግሞ በዲናችን ቀላል ነገር አይደለም። መርጨት ግድ ሲሆን ንቦች ወደ ቀፏቸው ከተመለሱ በኋላ፣ አመሻሽ ላይ ይሁን።

በሌላ በኩል ፎቶው እውነተኛውን ጠላት በጊዜው ለመለየትም ይጠቅማል። የአሜሪካ መጤ ተምች በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን ገብቶ በወራት ውስጥ አማራ ክልልን ጨምሮ በበርካታ ክልሎች ተዛምቷል። በቆሎ እንጀራው ለሆነው ምዕራብ ጎጃም ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ይህን ተምች ከሌሎች ትሎች የሚለዩት ምልክቶች በማክሮ ፎቶ ጎልተው ይታያሉ። በግንባሩ ላይ የተገለበጠ የእንግሊዝኛ «ዋይ» ፊደል የመሰለ ነጣ ያለ መስመር፣ በጅራቱ አጠገብ ደግሞ አራት ማዕዘን ሠርተው የተቀመጡ አራት ጥቁር ነጥቦች አሉት። እንዲሁም በ2002 ዓ.ም. በምሥራቅ ወለጋ መጀመሪያ የታየው ነጭ የማንጎ ተባይ ወደ ሌሎች ማንጎ አብቃይ አካባቢዎች ተስፋፍቷል። በቅጠሉ ላይ ነጭ አቧራ ቢመስልም በማጉያ ሲታይ የሴቷ ሽፋን ክብ፣ የወንዱ ደግሞ ሞላላ ሆኖ በሦስት ሸንተረር የተሰመረ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ስታገኙ የቅጠሉን ላይና ታች አንሱ፤ መጠኑ እንዲታወቅ ከጎኑ አንድ የጤፍ ወይም የስንዴ ፍሬ አስቀምጡ፤ ቀኑን ጻፉና ለቀበሌያችሁ የግብርና ባለሙያ አሳዩ። «ትል ገባብን» ከማለት ይልቅ አንድ ግልጽ ፎቶ ብዙ ይናገራል።

በመጨረሻም ስለ አደብ ጥቂት እንበል። አንዳንዶች ነፍሳቱ እንዳትንቀሳቀስ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይከቷታል፤ በሙጫ የሚያጣብቁ፣ ገድለው በመርፌ የሚወጉም አሉ። ለፎቶ ማማር ሲባል ነፍስ ያለውን ማሰቃየት ለሙእሚን አይገባውም። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲሥ፣ ከነብያት አንዱ ጉንዳን ስለነከሰቻቸው መንደሯን በሙሉ በማቃጠላቸው ከአላህ ዘንድ ወቀሳ ደርሷቸዋል። አቡ ዳውድ በዘገቡት ደግሞ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መገደላቸውን ከከለከሏቸው አራት እንስሳት መካከል ጉንዳንና ንብ ይገኙበታል። እንግዲህ ጧት ቀድሞ መነሳትና መታገሥ ነው እንጂ ሌላ መንገድ የለም። ስለ ፎቶግራፍ ራሱ በዑለማእ መካከል የሐሳብ ልዩነት እንዳለ ይታወቃል፤ ልቡ ያልረካ ሰው የሚያምናቸውን ዓሊም ይጠይቅ። እሱም ቢሆን ማጉያዋን ይዞ ማየት ይችላል፤ ትልቁ ትርፍ ከማየቱ ነውና።

ወላጆች ሆይ! በዚህ ወር አንድ ጁሙዓ ጧት ልጆቻችሁን ይዛችሁ ጓሮ ውረዱ። አንዲት የጎመን ቅጠል ገልብጡና ማን ምን እንደሚሠራ አብራችሁ ተመልከቱ። ከዚያ በኋላ መርጨት ያስፈልግ እንደሆነ ወስኑ። ሳናውቅ ከመርገጥ፣ ሳናይም ከማጥፋት አላህ ይጠብቀን። በፍጥረቱ ከሚያስተነትኑት ያድርገን፤ አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።