ስም ያልወጣለት ዕፅ ጠባቂ የለውም

በኦጋዴን ቆላ 8,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሸፍን፣ ቅርፊቱ ግራጫ፣ አበባው ሮዝ የሆነ አንድ የግራር ዓይነት አለ። አርብቶ አደሩ በጥላው ሲያርፍ ቢኖርም በሳይንስ መዝገብ «አካሺያ ፉሞሳ» ተብሎ የሰፈረው በ2000 ዓ.ም. ነው። ይህን ያህል የተንሰራፋ ዛፍ ሳይመዘገብ ከቆየ፣ በአንድ ተራራ ወይም በአንድ ሸለቆ ብቻ ተወስነው የሚበቅሉት ስንቶቹ ይሆኑ?

ስም ማውጣት የምሁራን ጉዳይ ብቻ አይደለም። ያልተመዘገበ ዕፅ በጥበቃ ዝርዝር ውስጥ አይገባም፤ ሳይታወቅ ተመንጥሮ ሊጠፋ ይችላል። ስምንት ጥራዝ ያለው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2009 ቢጠናቀቅም አሰሳው መቀጠል አለበት። ናሙና በሚሰበሰብበት ጊዜም የአካባቢው ሕዝብ ለዕፁ ያወጣው ስምና የሚሰጠው ጥቅም አብሮ ሊመዘገብ ይገባል።