የቤት ጥርሱ የት ነው?

ዛሬ የምንነጋገረው ከተማ ውስጥ ስለሚሸጥ አሮጌ ቤት ነው።

ብዙ ገበሬዎች ልጆቻቸውን ከተማ ልከው ያስተምራሉ። የቤት ኪራይ ደግሞ በየጊዜው ይጨምራል። ስለዚህ አንዳንዱ፣ «ከብቴን ሸጬ አንድ አሮጌ ቤት ብገዛ ይሻላል» ይላል። ሐሳቡ መልካም ነው። ግን ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። እስቲ አንድ ታሪክ እናውጋችሁ።

ባልና ሚስት ናቸው። የሚኖሩት ከደሴ ወጣ ብሎ በኩታበር በኩል ነው። ሁለቱም ፊደል የቆጠሩት ካደጉ በኋላ ነው። ልጆቻቸው ደሴ ይማራሉ። ባልና ሚስቱ ሁለት በሬ ሸጡ። ለዓመታት ያጠራቀሙትንም ጨመሩበት። አንድ ደላላ ከደሴ የቆዩ ሰፈሮች በአንዱ የጭቃ ቤት አሳያቸው።

ቤቱ ሲያዩት ያምራል። ግድግዳው አዲስ ቀለም ተቀብቷል። ኮርኒሱ ነጭ አቡጀዲ ነው። ደላላው፣ «ጋሼ፣ ቶሎ ይበሉ። ነገ ሌላ ገዢ ይመጣል። ዛሬውኑ ቀብድ ይስጡ» አለ። ባልየው እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ሚስቲቱ ግን ክንዱን ያዝ አደረገችው።

«በሬ ስትገዛ ጥርሱን ሳታይ ገዝተህ ታውቃለህ?» አለችው።

«ኧረ አላውቅም።»

«ታዲያ የዚህ ቤት ጥርሱ የት ነው? እስቲ እንፈልገው።»

ባልየው እጁን ከኪሱ አወጣ። ደግ አደረገ። ቀብድ ቀላል ነገር አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቀብድ ይናገራል። ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል። የተቀበለው ሰው ቢያፈርስ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ አይቶ መስጠት እንጂ ሰጥቶ ማየት አይበጅም።

1. ውሃው በየት ይሄዳል?

የጭቃ ቤት ትልቁ ጠላት ውሃ ነው። ደሴ ደግሞ በጦሳ ተራራ ሥር ያለች ከተማ ናት። ዝናብ ሲጥል ጎርፍ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። በተዳፋት ሰፈሮች የመሬት መንሸራተት የታወቀ ችግር ነው።

ሚስቲቱ መጀመሪያ ወደ ጓሮ ዞረች። ከቤቱ በላይ ያለው ቦይ በአፈር ተደፍኗል። በጓሮ በኩል ያለው አፈርም ከቤቱ ወለል ከፍ ብሏል። እንዲህ ሲሆን ውሃው ግድግዳው ውስጥ ይገባል። ግድግዳውን ከታች በእጇ ዳሰሰችው። ቀለሙ አዲስ ቢሆንም ይቀዘቅዛል፤ እርጥበት አለው።

ቀጥሎ የኮርኒሱን ጥግ አስከፈቱ። በርና መስኮቱን ዘጉ። ባልየው ወንበር ላይ ቆሞ በተከፈተው በኩል አንገቱን አስገባ። ጊዜው ቀትር ነበር። የተበሳው ቆርቆሮ እንደ ኮከብ ብልጭ ብልጭ አለ። አዲሱ አቡጀዲ ይህን ሁሉ ሸፍኖት ኖሯል።

2. እንጨቱ ጤነኛ ነው?

የጭቃ ቤት አጥንቱ እንጨት ነው። ጭቃው ሥጋው፣ ልስኑ ቆዳው ነው። ቆዳ ብቻ አይታችሁ አትግዙ።

ባልየው ወስፌ ይዞ ነበር። ቋሚዎቹን ከመሬት አጠገብ እየወጋ አየ። ምስጥ የሚጀምረው ከታች ነው። የጽድ እንጨት ምስጥን ይቋቋማል። ባሕር ዛፍ ግን ቶሎ ይበላል። ብዙዎቹ ቋሚዎች ጽድ ስለሆኑ ወስፌውን አላስገቡም። በጓሮ በኩል ያሉ ሦስት ቋሚዎች ግን ባሕር ዛፍ ናቸው። ወስፌው ዘልቆ ገባ፤ ሲወጣም ዱቄት ይዞ ወጣ።

ከዚያ ክር ላይ ድንጋይ አሰረና ከግድግዳው አናት ወደ ታች ለቀቀው። ግንበኞች ይህን ቱንቢ ይሉታል። ግድግዳው ካዘመመ ከክሩ ጋር አይሄድም። የዚህ ቤት ግድግዳ ግን ቀጥ ያለ ነው። በልስኑ ላይ ቀጫጭን ስንጥቆች ነበሩ። ቀጭን ስንጥቅ ብዙ አያስፈራም። ከበር ወይም ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ አግድም የሚወጣ፣ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ግን ያስፈራል። መሠረቱ ሰጥሟል ወይም መሬቱ ሄዷል ማለት ሊሆን ይችላል።

3. ጎረቤት ምን ይላል?

አጥር ለአጥር የምትኖር አንዲት አሮጊት ቡና ታፈላ ነበር። ሚስቲቱ ሄዳ ሰላምታ ሰጠችና፣ «እማማ፣ ይህ ቤት በክረምት እንዴት ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ልጄ፣ መሬቱስ አንድ ቀን ተንቀሳቅሶ አያውቅም። ግን ቦዩን የሚጠርግ ሰው ጠፋ። ሐምሌ ሲገባ ውሃው በጓሮ በር ዘው ይላል። የውሃ ቆጣሪውም ከኋላው ቤት ጋር የጋራ ነው፤ በየወሩ ጭቅጭቅ ነው። ሰፈሩ ግን ደግ ሰፈር ነው። እድራችንም ጠንካራ ነው።»

ይህን ሁሉ ደላላው አልተናገረም። ቤት የሚገዛ ሰው ጎረቤቱንም አብሮ ይገዛል። ስለዚህ ጎረቤቶችን ጠይቁ። የሚቻል ከሆነም ቤቱን ዝናብ ሲዘንብ ሄዳችሁ እዩት። በበጋ ሁሉም ቤት ደረቅ ነው።

4. ወረቀቱ የማን ነው?

በመጨረሻ ካርታውን ጠየቁ። ካርታ ማለት የይዞታ ማረጋገጫ ወረቀት ነው። ደላላው፣ «እትዬ፣ ይስጡኝ ላንብብልዎት» አለ።

«ተወው ልጄ። ቀስ ብዬ አነበዋለሁ» አለች።

ጣቷን ከፊደሉ ሥር እያስኬደች ማንበብ ጀመረች። ባልየው በሜትር የለካው ግቢ ርዝመቱ 18፣ ወርዱ 9 ሜትር ነበር። 18 በ9 ሲባዛ 162 ካሬ ሜትር ነው። ካርታውም 162 ይላል። ልክ ነው። ስሙ ላይ ስትደርስ ግን ጣቷ ቆመ።

«ይህ የአንተ ስም አይደለም» አለችው ሻጩን።

«የአባቴ ነው። አርፈዋል።»

«ነፍሳቸውን ይማር። ስንት ልጆች ናችሁ?»

«አራት።»

ደላላው ዝም አለ። ቤቱ የአራት ወራሾች ሆኖ ሳለ አንዱ ብቻ ሊሸጠው ነበር። ገንዘቡ ቢከፈል ኖሮ ሦስቱ ተነሥተው ይከሳሉ። ሁለቱ በሬዎች በፍርድ ቤት ደጅ ይቀሩ ነበር።

ስለ ወረቀት እነዚህን ነገሮች አስታውሱ።

ሀ. በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ዛሬም በቆዩ ሰፈሮች የቀበሌ ቤት የሚባል አለ። በቀበሌ ቤት የሚኖር ሰው ተከራይ ነው፤ ቤቱን ሊሸጥ አይችልም።

ለ. በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። የምትገዙት ቤቱን ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ደግሞ ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ እንዲዞር ደንግጓል። ምን ያህል እንደሚያስከፍል አስቀድማችሁ ማዘጋጃ ቤት ጠይቁ።

ሐ. ቤቱ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ እንደሌለበት፣ በከተማው ፕላን መንገድ እንደማያልፍበት አጣሩ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ በኮሪደር ልማት ብዙ የቆዩ ቤቶች ፈርሰዋል፤ ፒያሳ አንዱ ነው። ሥራው ወደ ሌሎች ከተሞችም ደርሷል።

መ. ሻጩ ባለትዳር ከሆነና ቤቱ የጋራ ከሆነ ባልም ሚስትም መስማማት አለባቸው። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ሕግ በሚፈቅደው መሥሪያ ቤት ፊት ይፈረም።

ባልና ሚስቱ ያን ቀን አንድ ብር አልከፈሉም። ሻጩን፣ «የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አምጣ። እኅት ወንድሞችህም ይምጡ» አሉት። አንድ አናጺ ወስደው ሦስቱን ቋሚና ቆርቆሮውን ለመለወጥ ምን እንደሚያስፈልግ አስጠየቁ። ወጪውን በደብተር ጽፈው ደመሩ።

ከጥቂት ወራት በኋላ አራቱም ወራሾች መጥተው ፈረሙ። የጥገናው ወጪ ከዋጋው ላይ ተቀነሰ። ባልና ሚስቱ ቤቱን ገዙ። መጀመሪያ የሠሩትም ቦዩን መጥረግ ነበር።

እንግዲህ ልብ በሉ። አሮጌ ቤት ጉድለት አያጣም። የተበላ እንጨት ይለወጣል። የተበሳ ቆርቆሮ ይነሣል። ይህ በገንዘብ የሚጠገን ስለሆነ ከዋጋው ላይ ይቀነሳል። የሚንሸራተት መሬትና የሰው ስም ያለበት ወረቀት ግን በገንዘብ አይጠገንም። እንዲህ ያለውን ቤት ቢረክስም ተዉት። አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉና አትቸኩሉ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ሚስቲቱ ባሏን ቀብድ እንዳይሰጥ የከለከለችው ለምንድን ነው?
2. በገንዘብ የሚጠገነውና የማይጠገነው ጉድለት የትኛው ነው?
3. ካርታውን ደላላው ቢያነብላቸው ኖሮ ምን ይደርስ ነበር?