ከማሞገስ በፊት መለካት

ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በከሚሴ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ መንገደኛ ቁልቁለቱን ሲወርድና የቆላው ወበቅ ፊቱን ሲመታው ሐርቡን ያገኛል። አብዛኛው ሰው ሐርቡን የሚያውቃት በመኪና መስኮት ብቻ ስለ ሆነ፣ ነዋሪዋ ምን እንደሚያስብና ምን እንደሚሠራ ጠይቆ አያውቅም። እኔም ራሴ ከነዚሁ መንገደኞች አንዱ ነበርሁ። በቅርቡ ግን ለቅሶ ለመድረስ ወርጄ ሁለት ቀን በመሰንበቴ፣ ለአንባቢዎቼ ሳልነግር ብቀር ደስ የማይለኝን አንድ ነገር አየሁ።

ካረፍሁበት ቤት ማዶ ባለው በረንዳ ላይ አንዲት ልጃገረድ የብረት እጀታ ታዞራለች፤ ሃያ ዓመት የሚሆነው ወንድሟ ከፊቷ ተቀምጦ በጣቶቹ መካከል የሚያልፈውን ክር እየወጠረ ያስተካክላል፤ እናታቸው ደግሞ አጠገባቸው ሆነው በየጊዜው አንዲት የበቆሎ ፍሬ ካንዱ ሰሐን ወደ ሌላው ይጥላሉ። ከሩቅ ሳያቸው የሸማኔ ቤተ ሰብ መስለውኝ፣ ፈትል እያዳወሩ ነው ብዬ ነበር። ቀርቤ ሰላምታ ከሰጠሁ በኋላ ስመለከት ግን የሚዳወረው ጥጥ ሳይሆን የመዳብ ሽቦ ነው። የበቆሎው ፍሬም የዙር መቁጠሪያ ኖሯል፤ በየመቶው ዙር አንዲት ፍሬ ትጣላለች።

«ምን ልትሠራበት ነው?» አልሁት።

«ሞተር ነው ጋሼ። እስካሁን ሰባት ኪሎ ሽቦ ገብቶለታል፤ ሌላ ሰባት ኪሎ ይቀረዋል።»

«ይህ ሁሉ ሽቦ ምን ያደርግልሃል?»

«በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ በጨለማ ስንቀመጥ ነው ያሰብሁት። ጥቅልሉ በተለቀ ቁጥር ባትሪው የሚበላው ያንሳል። በመጨረሻ ሞተሩ እየዞረ ባትሪውን ራሱ ይሞላዋል፤ ከዚያ ወዲያ ነዳጅም የመብራት መሥመርም አያሻው።»

እናቱ ወደ እኔ ዞር ብለው «አብሽር ይበሉት እንጂ፤ ሌሊቱንም አይተኛልኝ» አሉ። እኔም «አብሽር» አልሁት። ቡናው ቀረበ፤ ወጉም ወደ ሌላ ዞረ። ወደ ማደሪያዬ ከተመለስሁ በኋላ ግን ያች ቃል አልዋጥ አለችኝ። ለመሆኑ ይህ ልጅ ከእኛ የሚፈልገው አብሽር ብቻ ነውን?

አስቀድሜ ስለ እጁ ሥራ ልናገር። ሽቦ መጠቅለል ለማያውቀው ሰው የሕፃን ጨዋታ ይመስለዋል። ሥራው ግን ትዕግሥትና ንጽሕና የሚጠይቅ ጥበብ ነው። የመዳቡ ሽቦ ላዩ ላይ እንደ ቀለም ያለ ስስ ሽፋን ተቀብቷል፤ ይህ ሽፋን አንዱ ዙር ከጎረቤቱ ዙር ጋር እንዳይገናኝ የሚከለክል ነው። ሽቦው ከመጠን በላይ ቢወጠር ይሳሳል ወይም ይበጠሳል፤ ቢላላ ደግሞ ዙሩ እየተንሸራተተ በላዩ የሚመጣውን ረድፍ ያበላሻል። አንድ ጊዜ ቢቋጠርና ሽፋኑ ቢላጥ፣ ሁለቱ ዙሮች እርስ በርሳቸው ይገናኙና ለብቻው የተዘጋ ቀለበት ይፈጠራል፤ ሞተሩ ሲሠራ ያ ቀለበት እየጋለ ጎረቤቶቹን ያቃጥላል። ስለዚህ ጥንቁቅ ጠቅላይ በየረድፉ መካከል ወረቀት ያነጥፋል፣ ዙሩን ይቆጥራል፣ ጫፎቹን ብቻ ፍቆ በቆርቆሮ ያጣብቃል። የሐርቡው ልጅ ይህን ሁሉ ያለ መምህር ያውቃል። ሽቦው እንኳ አዲስ አይደለም፤ ከተቃጠሉ ሞተሮች ላይ እየፈታ፣ የተላጠውን እየለየ የሰበሰበው ነው።

ይህ እውቀት በአገራችን እንጀራ የሚያበላ እውቀት መሆኑን ማን ያጣዋል? የአንድ ገጠር ከተማ ወፍጮ ሞተሩ ሲቃጠል፣ ጥቅለላ የሚያውቅ ሰው በአቅራቢያ ከሌለ ሴቶቹ እህላቸውን በጀርባቸው አዝለው ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳሉ። ከሦስቱ የኤሌክትሪክ መሥመሮች አንዱ ሲቋረጥ ሞተሩ በቀሩት ሁለቱ ለመሥራት ሲታገል ይግላል፤ ቶሎ ካልጠፋም ይቃጠላል። ያን ጊዜ ሞተሩን ፈትቶ፣ የአሮጌውን ሽቦ ውፍረት ለክቶ፣ ዙሩን ቆጥሮ እንደ ነበረው የሚመልሰው እንደዚህ ያለ እጅ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው በታላቁ የኅዳሴ ግድብ ውስጥ ያሉት ማመንጫዎችም ቢሆኑ፣ ምንም እንኳ በልጁ በረንዳ ላይ ካለው ጋር በመጠን ባይወዳደሩ፣ ኤሌክትሪኩ የሚወለድባቸው ከመዳብ ጥቅልል ውስጥ ነው።

ከጥጥ ፈትል ጋር ማመሳሰሌም ያለ ምክንያት አልነበረም። ሽፋን ያለው ሽቦ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ጆሴፍ ሄንሪ የሚባል አሜሪካዊ መምህር ሽቦውን በሐር እየጠቀለለ ይሠራ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1831 ዓ.ም. በዚሁ ዓይነት የሠራው ማግኔት ከ900 ኪሎ በላይ ተሸክሟል። የባለቤቱን የሐር ቀሚስ ቀዶ ተጠቀመበት እየተባለም ይወራል። የሐርቡዋ እናት ቀሚሳቸው እስካሁን ደኅና ነው።

እንግዲህ ወደ ልጁ ተስፋ እንመለስ። «ጥቅልሉ ሲተልቅ ባትሪው የሚበላው ያንሳል» ያለው ውሸት አይደለም። አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ ሰባት ኪሎ ቢመዘን ርዝመቱ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የዚህ ሽቦ ተቃውሞ 22 ኦም ገደማ ስለ ሆነ፣ የ12 ቮልት ባትሪ ቢያያዝበት ከግማሽ አምፔር ጥቂት ከፍ ያለ ጅረት ይሄድበታል። ሽቦው 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ላይ ቢጠቀለል አንድ ሺህ ስድሳ ዙር ያህል ይሆናል። አሁን ሌላ ሰባት ኪሎ እንጨምርበት። ተቃውሞው እጥፍ ይሆናል፤ ጅረቱም በግማሽ ይቀንሳል። ዙሩ ግን እጥፍ ሆኗል። የጥቅልሉ የማግኔት ኃይል የሚቆጠረው ጅረቱ በዙሩ ብዛት ተባዝቶ ስለ ሆነ፣ የክቡ ስፋት እምብዛም ካልተለወጠ ኃይሉ ያው የቀድሞው ነው። ባትሪው ግን ከስድስት ዋት ተኩል ወደ ሦስት ዋት ተሩብ ወረደ!

ይህን በዓይኑ ያየ ወጣት «አሥራ አራት ኪሎ ግማሹን ካስቀረልኝ፣ መቶ ኪሎ ቢሆን በነፃ ይሠራልኛል» ብሎ ቢያስብ ይፈረድበታልን? እኔ በበኩሌ አልፈርድበትም። ትልልቅ ትራንስፎርመርና ሞተር የሚሠሩ ፋብሪካዎችም መዳብ በመጨመር ብክነትን ይቀንሳሉና። ስሕተቱ ያለው ከዚያ ቀጥሎ ባለው እርምጃ ላይ ነው። የቀነሰው ነገር ሽቦውን በከንቱ የሚያሞቀው ብክነት ነው እንጂ ሞተሩ ለሚሠራው ሥራ የሚከፈለው አይደለም። ብክነት ቢቀንስ ቢቀንስ ወደ ዜሮ ይጠጋል እንጂ ከዜሮ በታች ወርዶ ትርፍ አይሆንም። ሞተሩ ውኃ ሲቀዳ ወይም እህል ሲፈጭ የሥራው ዋጋ ከባትሪው ይወጣል፤ ባትሪውን መልሶ ልሙላ ቢል ደግሞ የሚሞላበት ኃይል ከዚያው ካንዱ ከረጢት ነው።

ሰውን የሚያታልል ሌላም ነገር አለ። ብዙ ዙር ያለው ጥቅልል ጅረቱ በድንገት ሲቋረጥበት ያከማቸውን በብልጭታ ይተፋዋል። ባትሪው 12 ቮልት ብቻ ሆኖ ሳለ ብልጭታው ብዙ መቶ ቮልት ሊደርስ ይችላል፤ ልጁም በዚሁ ብልጭታ ትንሽ አምፑል አብርቶ አሳየኝ። ተራው መለኪያ እንዲህ እየተቆራረጠ የሚሄደውን ጅረት በትክክል ስለማያነብ ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል። ባትሪም ጥቂት ካረፈ ቮልቱ በራሱ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ይህንንም «ሞላ» ብሎ መቁጠር ቀላል ነው። (በነገራችን ላይ ይህ ብልጭታ ሰውን ክፉኛ ይነዝራልና፣ ባትሪው ትንሽ ነው ብለው እኅትየዋ በባዶ እጃቸው እንዳይነኩት ነግሬያቸዋለሁ።)

አሁን የምፈራውን ልናገር። አንድ ቀን አንድ የዜና ሰው ወደ ሐርቡ ይወርዳል። ሞተሩ ሲዞር ያያል፤ «ያለ ነዳጅ የሚሠራ ሞተር ፈለሰፈ» ብሎም ይጽፋል። ልጁ ወደ አንድ አዳራሽ ይጠራል፤ ይጨበጨብለታል፤ የምስክር ወረቀትም ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ ሞተሩን ከፍቶ የሚመረምር አይኖርም፤ የሚገዛውም አይኖርም። ልጁ «አገሬ ናቀችኝ» ብሎ ያዝናል፤ ያጨበጨቡለትም «አታለለን» ይሉታል። እንዲህ ያለውን ዜና ስንት ጊዜ አንብበናል! እኛም ጋዜጣ ላይ የምንጽፍ ሰዎች ከዚህ ጥፋት ነፃ አይደለንም። ሳይለካ የቀረበ ሙገሳ ለወጣት ስጦታ መስሎን እዳ እናሸክመዋለን።

ይህ በሠለጠነው ዓለምም የደረሰ ነው። ጆሴፍ ኒውማን የሚባል የሚሲሲፒ ሰው በግዙፍ የሽቦ ጥቅልል መካከል ማግኔት የሚሽከረከርበት ሞተር ሠርቶ፣ ከሚገባበት ኃይል የሚወጣው ይበልጣል በማለት እ.ኤ.አ. በ1979 ዓ.ም. የፈጠራ መብት ጠየቀ። መሥሪያ ቤቱ ስላልተቀበለው ክስ መሠረተ፤ ጋዜጦችም አነሡት። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1986 ዓ.ም. የአሜሪካ የመለኪያዎች መሥሪያ ቤት ሞተሩን በጥንቃቄ ለካው፤ የሚወጣው ኃይል ሁልጊዜ ከሚገባው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ኒውማን ግን ውጤቱን አልቀበልም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስ በዚያው አሳቡ ጸና።

ከእርሱ ይልቅ ለሐርቡው ልጅ የማጫውተው የሌላውን ሰው ታሪክ ነው። ጄምስ ጁል በእንግሊዝ አገር ማንቸስተር አጠገብ የሚኖር የቢራ ጠማቂ ልጅ ነበር። (ኮምቦልቻም ቢራ ፋብሪካ አላት፤ ወደፊት ከዚያ ማን እንደሚወጣ አይታወቅም።) ዕድሜው 19 ዓመት ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1838 ዓ.ም.፣ ስለ ሠራው የኤሌክትሪክ ሞተር ጽፎ አሳተመ። እንደኛው ልጅ ሽቦ ጠቅልሏል፤ እንደኛው ልጅም ይህ ሞተር የእንፋሎቱን መኪና ጥሎ ገደብ የሌለው ኃይል ይሰጣል ብሎ ተስፋ አድርጓል። ልዩነታቸው ጁል የገባውንና የወጣውን ሁሉ መለካቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 ዓ.ም. በባትሪው ውስጥ የሚያልቀው ዚንክ ከዚያው መጠን የድንጋይ ከሰል እጅግ ያነሰ ሥራ እንደሚሰጥ ራሱ በአደባባይ ተናገረ። ተስፋው ወደቀ። ነገር ግን ሲለካ ሽቦው ለምን እንደሚግል ሕጉን አግኝቶ ነበር፤ ይኸውም ሙቀቱ በጅረቱ ካሬና በሽቦው ተቃውሞ ልክ መሆኑን ነው። ከዚያም ሙቀትና ሥራ አንዱ ወደ ሌላው በተወሰነ ልክ እንደሚለወጥ አሳየ። ዛሬ መላው ዓለም ኃይልን የሚቆጥረው በእርሱ ስም፣ በጁል ነው። ያልሠራው ሞተር አከበረው ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ደሴ ላይ የወይዘሮ ስኂን ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አለ፤ ኮምቦልቻ ላይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ። ከነዚህ በአንዱ በወር አንድ ቀን በሩ ለማንም ባለሞተር ክፍት ሆኖ፣ የመግቢያ ደብዳቤ ሳይጠየቅ፣ አንድ መምህርና ሁለት ተማሪዎች ተቀምጠው የመጣውን ሁሉ ቢለኩ ምን ይከብዳል? የሚሰጠውም ወረቀት የምስጋና ሳይሆን የቁጥር ወረቀት ይሁን፤ ይህን ያህል ገባ፣ ይህን ያህል ወጣ፣ ይህን ያህል ሙቀት ሆኖ ባከነ የሚል። ከቤተ ሙከራው የሚወገደውን የተቃጠለ ሞተርም ሽቦውን ለሚፈልግ ልጅ ቢሰጡት ለቁራሌው ከሚሸጥ ይሻላል።

ስለ ፈጠራ መብትም አንድ ነገር ልጨምር። በአዋጅ ቁጥር 123/1987 ሕጋችን ታላላቁን ፈጠራ ብቻ ሳይሆን አነስተኛ ፈጠራንም ያውቃል። እኔ መርማሪ ብሆን በልጁ ሞተር ፈንታ ሞተሩን የጠቀለለበትን መሣሪያ እመለከት ነበር። ሽቦው ሳይበጠስ ውጥረቱ እንዲስተካከል ከአሮጌ ብስክሌት ፍሬን የሠራት ነገር አለች፤ ልጃገረዲቱ ብትፈጥንም ብትዘገይም ሽቦው እኩል ይሄዳል። ማንም አላስተማረውም። እርሱ ግን ስለዚህች መሣሪያ አንድም ቃል አልነገረኝም፤ እኔ ነኝ ያየኋት።

በማግሥቱ ስሰናበት እንደ ገና ወደዚያ በረንዳ ሄድሁ። ያወቅሁትን ነገርሁት፤ ደስ አላለውም። «ታዲያ በምን ይታወቃል?» አለኝ። እኔም ውድ መሣሪያ የማይጠይቅ አንድ መንገድ አሳየሁት። ባትሪውን በደንብ ሞልቶ አንድ አምፑል እስኪደበዝዝ ድረስ ስንት ሰዓት እንደሚያበራ ይጻፍ። ያንኑ ባትሪ እንደ ገና ሞልቶ በሞተሩ በኩል ሁለተኛውን ባዶ ባትሪ እንዲሞላበት ያድርግ፤ ከዚያም ሁለቱ ባትሪዎች ያንኑ አምፑል በየተራ የሚያበሩበትን ሰዓት ደምሮ ከመጀመሪያው ጋር ያስተያይ። ጥቂት አሰበና እናቱን «እማ፣ በቆሎውን አንሺው፤ ሰዓት ልንቆጥር ነው» አላቸው።

ከሐርቡ እስከ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ሩቅ አይደለም። ጥቅልሉ ግን ከነመቆሚያው ከባድ ስለ ሆነ ሁለት ሰው ይይዘዋል።