ወሰን እና ድንበር

እንግሊዝኛ «ባውንደሪ» እና «ቦርደር» ለሚላቸው ቃላት አማርኛ «ወሰን» እና «ድንበር» አሉት ብሎ ማዛመድ ይቀላል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይገጥምም። የ1993ቱ የአልጀርስ ስምምነት ኢትዮጵያንና ኤርትራን እንዲያካልል ያቋቋመው ኮሚሽን በእንግሊዝኛ ስሙ ውስጥ ያለው «ባውንደሪ» ነው፤ እኛ «የድንበር ኮሚሽን» አልነው። በ2011 ዓ.ም. የክልሎችን ጉዳይ እንዲያጠና በአዋጅ የተቋቋመው ኮሚሽንም በእንግሊዝኛው ያንኑ «ባውንደሪ» ይዟል፤ አማርኛው ግን «የአስተዳደር ወሰን» አለ። ምርጫው የጆሮ ነው እላለሁ፤ ጆሮም አልተሳሳተም።

ድንበር ከማዶው ሰው ይፈልጋል። ድንበርተኛ አለው፤ ይገፋል፣ ይጣሳል፣ ይጠበቃል። «ዳር» ከሚለው ቃል ጋር ሲጣመርማ ደም ደም ይሸታል። ወሰን ግን ብቻውን መቆም ይችላል፦ ዕድሜ ወሰን አለው፣ ትዕግሥትም ወሰን አለው፤ ትዕግሥት ድንበር አለው ማለት ለጆሮ ይከብዳል። «ድንበር የለሽ ሐኪሞች» ከአገር አገር የሚዘልቁ ናቸው፤ «ወሰን የለሽ» ብንላቸው ኖሮ ሥራ መቼ እንደሚያቆሙ የማያውቁ ይመስሉን ነበር። ደግሞም ወሰን «ወሰነ» ከሚለው ግስ ወገን ነው፤ ውሳኔ እኅቱ ናት። ሰዎች ተቀምጠው የቆረጡት ነገር መሆኑን በስሙ ተሸክሞታል፤ የተወሰነ ነገር ደግሞ እንደገና ሊወሰን ይችላል።

በቤት ሽያጭ ውል ላይ «በምሥራቅ አቶ እገሌ፣ በምዕራብ መንገድ ያዋስነዋል» ተብሎ ሲጻፍ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሰውየውና መንገዱ እኩል ተሰልፈዋል! በእርሻ አገር ቢሆን አቶ እገሌ ድንበርተኛ ናቸው፤ በሬ የሚያቀናጁ፣ በአንድ ፈር ስፋት የሚካሰሱ፣ በሽማግሌ የሚታረቁ።

ይህን ማንሣቴ ያለምክንያት አይደለም። የምኖረው ለገጣፎ ነው። አዲስ አበባና ኦሮሚያ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የተስማሙት በአስተዳደር ወሰን ላይ ነበር፤ በተከታዩ ዓመት ለገጣፎ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ጋር በሸገር ከተማ ውስጥ ተካተተ። ወረቀቱ ሁሉ «ወሰን» ይላል። ታክሲ ውስጥ ግን «ድንበሩ የት ጋ ነው?» ሲባል እሰማለሁ፤ በሰማሁም ቁጥር ይቀፈኛል። በ2006 ዓ.ም. በማስተር ፕላኑ ምክንያት የተነሣው ተቃውሞ ዕቅዱ በ2008 እስኪሰረዝ ድረስ የስንቱን ሕይወት እንደበላ የምናውቅ ሰዎች፣ ዘብና ጠላት የሚጠራውን ቃል በጎረቤታሞች መካከል ባናስቀምጠው እወዳለሁ። ቃል ብቻውን ሰው አይገድልም የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ማዶ ያለውን ሰው ምን ብለን እንደምንጠራው የሚያዘጋጀን እርሱ ነው።

«ድንበር ተሻጋሪ» የምንለው ዓባይን ነው። ከእኛው ለገዳዲ ግድብ ተነሥቶ የአዲስ አበባን ጓዳ የሚሞላውን ውኃ እንዲያ ሲሉት እስካሁን አልሰማሁም።